መርዶ ያልደረሰባት ሱባሩ

ከዚህ ቀጥሎ በማወራው ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል ብትገኝ የቀረችኝን ዕድሜ ወስዳችሁ ለወደዳችሁት ሰው ስጡት። ብዙ አይደለችም፣ ግን ያለችኝ እሷ ናትና እሷኑ አስይዤ ነው የምናገረው። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈርን አለፍ ብሎ፣ ጋሽ ፈቃደ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ፍሬምናጦስ የሚባል የአስመራ ልጅ አለ፤ መካኒክ ነው። ሰማያዊ ሱባሩ አለችው። ያቺ ሱባሩ ማለዳ ስትነሣ ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሰንጋ ተራ ያለ አውራ ዶሮ ሁሉ እንጀራውን ተነጥቆ ሲያኮርፍ ይውላል፤ የእኔ ጥርስ የሚያድርበት ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ከኮመዲኖው ላይ በራሱ እግር ተራምዶ ወርዷል። የዚህ ሰው እናት አስመራ ላይ ካረፉ ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሰፈሩ ያውቃል፣ የሚሠራበት ጋራዥ ያውቃል፣ ጥግ ላይ ሲም ካርድ የምትሸጠውም ታውቃለች። ለእሱ ብቻ አልተነገረውም። እሱ ደግሞ ያልተነገረው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛውም እንዳይነገረው ነው። ያሰበውን በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፏል። ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጆሮውን ለበሩ ሰጥቷል። መርዶ ከመንጋቱ በፊት ነው የሚመጣው፣ እዚህም እዚያም ያው ነው፣ ሰው አፉን ሳይሽር፣ የጫማውን ክር ሳያስር፣ ቤቱ ሳለ ይደርሱበታል፤ ቀኑ ከገፋ ግን ምሥጢሩን ውጠው እንደ ጤነኛ ሰላም ብለውህ ያልፋሉ፣ እስከ ነገ ጠዋት ማንም አይነካህም። አባቱ የሞተ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባሻውል ያለችው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብዙ ጫማ መጣ፣ ብዙ ጫማ መጥቶ አንድም የሰው ድምፅ የለበትም፣ እናቱ ገና በሩ ሳይንኳኳ ተነሥታ ሻሿን አወለቀች፣ እሱ ደግሞ ሻሿን ለምን እንዳወለቀች ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ያለ ወሬ ሲራመድ ከሰማ ከተቀመጠበት ይነሣል። ከትናንት ወዲያ እንዲያ ዓይነት ጫማ ሰምቷል። አሁን ደግሞ ያ የውሻ እግር ነው፣ ያ ደግሞ የጎረቤት ቧንቧ ነው የሚያንጠባጥበው፣ አደይ፣ እናቱ፣ ደግሞ ተኝታለች፣ እህቱ በስልክ ተኝታለች አይደል ያለችው፣ ሦስት ጊዜ ሲደውል ሦስቱንም ጊዜ ተኝታለች፣ አደይ እንኳን ከሰዓት በኋላ ሌሊትም በቅጡ የማትተኛ ሴት ናት፣ ይኸው እሱ ከማን ወረሰው ይሄን ዓይን።

ድንበሩ የተከፈተ ጊዜ ነው የወጣው። ለሁለት ሳምንት ነው ብሏት ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሹራብህን ያዝ ስትለው ለሁለት ሳምንት ሹራብ ምን ያደርግልኛል አላት፣ ሰባት ዓመት ሆነው። ከአስመራ ጋር ያለው የስልክ መስመር ሲፈልግ ይከፈታል ሲፈልግ ይዘጋል፤ ስለዚህ ካምፓላ ያለችው እህቱ በቀኝ እጇ የአስመራውን ስልክ፣ በግራ እጇ የአዲስ አበባውን ይዛ ሁለቱን ስልኮች ጆሮና አፍ ታጋጥማቸዋለች፣ እናትና ልጅ እንዲያ ሆነው ያወራሉ፣ መሃል ላይ የእህትየው ትንፋሽ ይሰማል፣ ክንዷ ሲዝል ድምፁ ይርቃል። ወደ ካምፓላ አስወስድሻለሁ፣ እኔም እዚያ እመጣና እንገናኛለን ብሏት ነበር አደይን። ለዚያ ብሎ ያስቀመጠው ገንዘብ ነበረ። አሁን በዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጎማ አለው፣ ቱርቦ አለው።

መኪናዋን ያገኛት ጠመንጃ ያዥ፣ የሚደቅሳ ጋራዥ ጓሮ ነው። ሚደቅሳ አሠሪው ነው፣ ሆደ ሰፊ፣ ምላሱ ግን መርፌ። አንድ ጎረምሳ ነጋዴ ከጃፓን ሻርጃ፣ ከሻርጃ ጅቡቲ አሻግሮ አምጥቶ፣ ሁለት ዓመት ዘይት ሳይቀይር ነድቶ ሞተሯን አቃጥሎ ሸራ አልብሶ ጥሏት ነበር፤ ኮፈኗ ውስጥ አንዲት ድመት አራት ጊዜ ወልዳለች፣ የልጅ ልጅ አይታለች። ሞተሯ ሲከፈት ዘይቱ አልፈሰሰም፣ እንደ ሬንጅ ረግቶ በቢላ ተቆርጦ ነው የወጣው፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቁራሹን ወስጄ የቤቴን ጣራ ደፍኜበታለሁ፣ እስካሁን አያፈስም። ፍሬምናጦስ ያስቀመጠውን ሁሉ ለእሷ አወጣ። የስደተኛ ወረቀት በያዘ ሰው ስም ታርጋ ማውጣት መከራ ስለሆነበት በጋሽ ፈቃደ ስም ወጣች፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ በልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቁጥር አንድ ፈጣን ሰው የሰባ አንድ ዓመቱ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሹም ጋሽ ፈቃደ ናቸው፣ የትራፊክ ቅጣት በመጣ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው ፍጥነቱን ጮክ ብለው ያነቡና ባለቤታቸውን ወለተሰንበትን ሰማሽ ይሏቸዋል።

ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ሻርጃ ወደ ግራ አዛወሩት። የዝናብ መጥረጊያውን ግን አላዛወሩትም። ዝናብ ሲዘንብ መጥረጊያው በቀኝ በኩል ላለው፣ ለሌለው ሰው ጥርት አድርጎ ይጠርግና በእሱ በኩል ጥጉን ጭጋግ ይተውለታል፣ እሱም አንገቱን አዘንብሎ በማያውቀው ሰው መስኮት እያየ ይነዳል። ቁልፍ በዞረ ቁጥር ደግሞ ከዳሽቦርዱ ውስጥ አንዲት ሴት በጃፓንኛ አንድ ነገር ትለዋለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር። እንደምን አደርክ ማለቷ ነው ብሎ ያዘው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና፣ አንቺስ ይላታል። ሚደቅሳ አንድ ቀን ስልኩን አስጠግቶ አስተረጎማትና ሳቁ አፈነው። «ካርድ አልገባም ነው የምትልህ፣ አገሯ የመንገድ መክፈያ ካርድ አለ አሉ። አንተ ጀለሴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቲኬት ቆራጭ ጋር ነው ስትዋደድ የኖርከው።» ፍሬምናጦስም ሳቀ። በማግስቱ ግን ቁልፉን ሲያዞር ደህና አላት፣ ምን ይሁን፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምታናግረው እሷ ብቻ ናት።

ሞተሯን መጠገን ሦስት ወር ፈጀ፣ ማስተካከሉ ግን ስምንት ወር። ሻርጃ ኮምፒውተሯን የሞሉላት ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦ ያጣውን አየር ፍለጋ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ ቤንዚኑም ለሷ ደካማ ነው፣ ከጨከኑባት ውስጧ መንቀጭቀጭ ይጀምርና ፒስቶኑን ይበላዋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሽቦ የታሰረ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ እሑድ እሑድ ዳገቱን ይወጣል ይወርዳል፣ አንድ ቁጥር ይቀንሳል፣ ያዳምጣል፣ ግማሽ ይጨምራል፣ ያዳምጣል፣ ቤንዚን ሰልፍ ላይ አምስት ሰዓት ቆሞ ያገኛትን ነዳጅ በአንድ ጠዋት አዳምጦ ይጨርሳታል። ከዚያ አንድ ነገር ገባው፣ ለማንም ያልነገረው። አስመራና አዲስ አበባ ከፍታቸው እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ አየራቸው አንድ ነው፤ ልደታ ላይ የተስተካከለች ሞተር አስመራ ብትገባ አንድ ቁጥር አትነካም፣ እንዳለች ገብታ፣ ገዛ ባንዳን ዞራ፣ አባሻውልን ወጥታ፣ በሩ ላይ ትቆማለች። ናይሮቢ ብትሄድ ትነካለች፣ ካምፓላ ብትሄድ ትነካለች። ለዚያች ከተማ ብቻ ነው ሳያውቅ ያስተካከላት፣ ወይም አውቆ ነው፣ ማታ ማታ ሲያስበው አውቆ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ስልክ ሲመጣ መኪናዋ ሥር ነበር። አደይ መቼ ነው የምትመጣው አለችው፣ ሁልጊዜ የምትለው ነው። ትንሽ መኪና ገዝቻለሁ፣ የአባባን ፊያት ሴቼንቶ የመሰለች፣ ብሎ ዋሻት። እስቲ አሰማኝ አለች። ስልኩን ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ አጠገብ አስቀመጠና ነዳጁን ረገጠው፤ ድምፁ ከልደታ ካምፓላ፣ ከካምፓላ ከእህቱ ግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ፣ ከዚያ አስመራ ገባ። አደይ አዳመጠች። ከዚያ፣ አባትህ እንዲህ ስትጮህበት ዘይት ጎድሏት ነው ይል ነበር፣ ዘይት ጨምርላት ልጄ፣ አለች። ሳቀ። አንድ ቁጥር ጀምሮ ነበርና ልደውልልሽ፣ ነገ እደውልልሻለሁ፣ አላት። ነገ መስመሩ ተዘጋ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ተኝታለች።

ሰው ሲደብቅህ ደግ ይሆናል፣ እዚያ ላይ ነው የነቃው። እማማ ወለተሰንበት ለአንድ ወንደላጤ ለአምስት የሚበቃ ምሳ ይልኩለት ጀመር። ጋሽ ፈቃደ የመጣ የትራፊክ ቅጣት ሳያነቡ እጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ። ሚደቅሳ መሳደብ ተወ፤ ሚደቅሳ መሳደብ ከተወ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እህቱ ደግሞ ስልክ ላይ መሳቅ አበዛች፣ በማያስቅ ነገር።

የመጀመሪያው ጠዋት የዳነው በአጋጣሚ ነው። ቤንዚን ሰልፍ ቀድሞ ለመያዝ አሥር ተኩል ላይ ተነሥቶ ሞተሩን አሙቆ መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጫማዎቹ መጡ። በመስተዋቱ ሲያይ ሁለት ሽማግሌና እማማ ወለተሰንበት፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ማርሽ ሲያስገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ እንደ ፖስተር ቀረሁ። እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ብሎን ወጣ፣ ምን ይሁን፣ ሰላም ከማለት በቀር ምን ይደረጋል። ሜክሲኮን፣ ቃሊቲን አለፈ፣ ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ካርድ ሰጡት፣ ካርዱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና ይኸው ካርድ አለ ለጃፓኗ። ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ መኪናዋ በየኪሎ ሜትሩ ጉልበት ትጨምራለች፣ እሱ ደግሞ ያስባል፦ እስካልተነገረኝ ድረስ አለች። እያለች ነው የምነዳው። ሰው በዚህ ፍጥነት እየሄደ ማን ይነግረዋል። እያለች፣ ቤቷ ውስጥ ጋዜጣ የለጠፈችበት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ምስሯን እየለቀመች ነው፣ ነበረች፣ ነው። አዳማ ደርሶ ተመለሰ። ማታ ግቢው ውስጥ አገኘሁትና እንዴት ዋልክ አልኩት፣ ደህና፣ እርስዎስ አለኝ፤ ሁለታችንም ሕጉን እናውቃለን። ያን ሌሊት ጋራዡ ውስጥ መኪናዋ ላይ አደረ፣ እኛ ባዶ ክፍል ስናንኳኳ አነጋን።

ሃያ ሁለት ቀን ለምን ፈጀባችሁ ትሉኝ ይሆናል። መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ከነገርከው በኋላ የሚይዘው ሰው፣ ድንኳን፣ የሚያለቅስለት ወገን ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ እዚህ አገር እድር የለው፣ አክስት የለው። የእድሩ ሰብሳቢ ደንቡን አወጣ፤ ላልተመዘገበ ሰው ድንኳን አይወጣም። በዚያ ላይ ሦስት እሑድ ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ጋሽ ፈቃደ የመኪናዋን ሊብሬ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «በእኔ ስም ታርጋ ለጥፎ የሚነዳ ቤተሰቤ ካልሆነ፣ እስካሁን የከፈልኩትን ቅጣት እድሩ ይመልስልኝ» አሉ። ሰብሳቢው ሊብሬውን አገላብጦ አየ፣ ቅጣቱን አሰበ፣ ድንኳኑ ይውጣ አለ።

እና አሁን ሦስተኛው ጠዋት ነው። ጋራዡ ዛሬ አያስተኛም፣ ሚደቅሳ ቁልፉን ይዞ ጠፍቷል፣ እሱም ከነሱ ጋር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጫማ ሰማ። ብዙ ጫማ። ከክፍሉ በር እስከ መኪናዋ ሁለት እርምጃ ነው፣ ተነሣ፣ ገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሴትዮዋ ካርድ አልገባም አለችው፣ ዛሬ ግን አልመለሰላትም። መብራቱ በራ። የግቢው በር ክፍት ነው፤ ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ የእድር ልጆች የድንኳን ምሰሶ እያቆሙ ነው፣ በግራ በኩል ግን መኪና የሚያሳልፍ ክፍት አለ፣ ጎበዝ ነጂ ሳይነካው ያልፋል፣ እሱ ደግሞ ጎበዝ ነው። ሙቀት የምታሳየዋን መርፌ አየ። ታች ናት። ሌሊቱ ቀዝቅዞ አድሯል፣ ዘይቱ ወፍሯል፣ ቱርቦው ጋ አልደረሰም፤ በእንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅ መርገጥ በገዛ እጅ መግደል ነው፣ አንድ ቀን አድርጎት አያውቅም፣ ሰው ሲያደርግ ካየም ይሰድባል። አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ። ልጆቹ ምሰሶ እየጨመሩ ነው፣ ክፍቱ እየጠበበ ነው፣ መርፌዋ አልተነሣችም፣ አደይ ዘይት ጨምርላት ብላ ነበር፣ ጨምሬያለሁ፣ በማግስቱ ጨምሬያለሁ፣ ግን አልነገርኳትም፣ ነገ ብዬ።

የቀኝ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ፈቃደ የእሽቅድምድም ወንበሩ ውስጥ ጉድጓድ እንደሚገባ ሰው እየተደገፉ ወረዱ፤ ሲቀመጡ ባርኔጣቸው ብቻ ነው በመስኮት የሚታየው። እኔ ከኋላ ገባሁ። ከዚያ ጋሽ ፈቃደ ወደ ፊት እያዩ ጠየቁት።

«ሞቀች?»

«ገና ናት፣ ጋሼ።»

«ስንት ይፈጃል?»

«ሦስት ደቂቃ ቀርቷታል። ስትሞቅ እሄዳለሁ።»

«ሂድ። አብረንህ ነን፤ መኪናዋ የኔ አይደለች?»

ፍሬምናጦስ ሊስቅ ነበር፤ አፉ ጀመረውና ተወው። ተቀመጥን። የእድሩ ልጆች መብራቱ ስላጥበረበራቸው ሥራቸውን አቁመው ወደ እኛ ያያሉ። ክፍቱ እንዳለ ነው። መርፌዋ ተነሣች፣ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ከዚያ መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፣ እጁ ማርሹ ላይ ነው፣ ይሄዳል አልኩ፣ የፊቱን ወንበር ያዝኩ። «ሞቃለች» አለ ማንም ሳይጠይቀው። እጁን ከማርሹ አነሣ፣ ቁልፉን ነቀለና በጋሽ ፈቃደ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ እያለ ይሠራል። ጋሽ ፈቃደ ደንግጠው ቁልፉን አዩ፣ ዳሽቦርዱን አዩ።

«ምነው ይሄ?»

«ቱርቦው እንዲበርድ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻዋን ትቆያለች፣ ከዚያ ራሷ ትጠፋለች።»

እንዲህ ያለ ደቂቃ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ከአንድ የጾም ወር ይረዝማል። ጋሽ ፈቃደ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ድምፁ ይውጠኛል ብለው ይዘጋሉ፣ እሱ ዳሽቦርዱን ያያል፣ እኔ የእሱን ማጅራት አያለሁ፣ ፀጉሩ ላይ ሽበት ጀምሮታል፣ አላየሁበትም ነበር። ከዚያ ጠፋች። ሰፈሩ ሁሉ ጆሮው የተደፈነ መሰለ።

«ፍሬ፣ ልጄ» አሉት። «እናትህ አርፈዋል። ያንተን ስም እየጠሩ ነው ያረፉት።»

«መቼ?»

«ሃያ ሁለት ቀናቸው።»

ጣቱን መሪው ላይ እያሳረፈ ወደ ኋላ ቆጠረ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ። የላላውን ማርሚታ መልሶ ያሠረበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ሲዘፍን ነበር፣ ሚደቅሳም ድምፅህ ከመኪናዋ ይብሳል ብሎታል። ግንባሩን ቀስ አድርጎ መሪው ላይ ደፋ፣ ክላክሱ ላይ ነው የደፋው፣ ክላክሱም ጮኸ፣ እሱ አላነሣም፣ ክላክሱም አላቋረጠም። ውጭ ያሉት ሴቶች ተነገረው ማለት ነው ብለው ልቅሶውን ለቀቁት፣ እማማ ወለተሰንበት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ቀድመው ገቡ፣ አይተዋቸው የማያውቁትን ሴት ስማቸውን እየጠሩ አለቀሱላቸው። ሦስት ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ዋለ፤ ሰው ከመቀመጫ በላይ ሆኖ የሱባሩዋ ኮፈን ላይ የተቀመጠም ነበር፣ እሱም አልተቆጣም።

ይኸው ነው። ዕድሜዬን አስይዣለሁና ግን አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ፣ እሷ ብቻ ከእኔ ናት። እናቱ ስሙን እየጠሩ ነው ያረፉት የተባለችው። ካምፓላ ያለችው እህቱ እንዲያ አላለችም፤ በእንቅልፋቸው ነው፣ አጠገባቸው ማንም አልነበረም፣ ጎረቤት ነው በማግስቱ ያገኛቸው ነው ያለችው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ የጋሽ ፈቃደን ክንድ ይዤ፣ ይህቺን ጨምሩባት ያልኳቸው እኔ ነኝ።